የመስታወት በረንዳ ጣራ አቀያየር፦ ዓመቱን ሙሉ የሚቀመጡበት ክፍል እንዲሆን

በመስታወት የተከበበ በረንዳ በፀሐይ የሚያቃጥለው፣ በብርድ የሚያንቀጠቅጠው በዋናነት በጣራው ነው። 16 ሚሊ ሜትር ፖሊካርቦኔት (ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ሰሌዳ) የሚያሳልፈው ሙቀት፣ በወፍራም ፎም ከተሞላ ድፍን ጣራ ጋር ሲነጻጸር ከአሥር እጥፍ ይበልጣል። ፖሊካርቦኔቱን ሳያነሱ ከሥሩ ኮርኒስ መምታት ርካሽ መንገድ ይመስላል፤ ነገር ግን ጤዛው ከኮርኒሱ በላይ ተደብቆ እንጨቱን ያበሰብሳል። አይሞክሩት።

መጀመሪያ ክብደቱን ያስሉ። ፖሊካርቦኔት በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ገደማ ነው። የኮንክሪት ታይል ክዳን ግን ከ40 ኪሎ ያልፋል፤ እንጨቱና ኮርኒሱ ገና አልተቆጠሩም። የመስኮት ፍሬሞች ይህን እንዲሸከሙ አልተሠሩም፤ በሮቹ መጣበቅ ይጀምራሉ፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል። 0.5 ሚሊ ሜትር ቆርቆሮ 5 ኪሎ ያህል ብቻ ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተሻለው እሱ ነው። ያም ሆኖ የጣራው ጭነት በማዕዘን ቋሚዎች በኩል እስከ መሠረቱ መውረድ አለበት። ቋሚዎቹንና የእንጨቱን ልክ መሐንዲስ ይወስን፤ ፈቃድ ካስፈለገም ሥራው ሳይጀመር ይጠየቅ።

አሮጌውን ሲያፈርሱ ፖሊካርቦኔቱ ላይ አይቁሙ፤ ፀሐይ ያደረቀው ሰሌዳ ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። አግድም ብረቶቹን ከመፍታትዎ በፊት ግድግዳዎቹ ወደ ውጭ እንዳይከፈቱ በእንጨት ያስሩ።

በቤቱ ግድግዳ ላይ አግዳሚውን፣ ማለትም የሞራሌዎቹ ጫፍ የሚያርፍበትን እንጨት፣ በ12 ሚሊ ሜትር ብሎን ያያይዙ፤ ብሎኑ የሚገባው በጡቡ ወይም በብሎኬቱ አካል እንጂ በመጋጠሚያው ሲሚንቶ አይደለም። ሞራሌዎቹን በ60 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይደርድሩ፤ 15 ሳንቲ ሜትር ቁመት ቢኖራቸው ፎሙም አየሩም ቦታ ያገኛሉ። ከመምታትዎ በፊት ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ይለኩ። ሁለቱ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ ቆርቆሮው ጫፍ ላይ ሲደርስ ይንሸዋረራል።

ከቆርቆሮው ሥር ውሃ የማያስገባ፣ እንፋሎት ግን የሚያሳልፍ ሽፋን ያንጥፉ። ብሎን ሲያጠብቁ ከራሱ ሥር ያለው ጎማ ቆርቆሮው ላይ ትንሽ ተጭኖ ሲቀመጥ ያቁሙ፤ የተጨፈለቀ ጎማ ቶሎ ይሰነጠቃል። አሸንዳው በየ3 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይዘቅዝቅ።

ጣራው ከቤቱ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበትን መስመር በሲሊኮን ብቻ መዝጋት የተለመደ ስንፍና ነው። አዲሱ ጣራና አሮጌው ግድግዳ እኩል ስለማይንቀሳቀሱ ሲሊኮኑ ይላቀቃል። ከጣራው 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው ግድግዳው ላይ 25 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ በግራይንደር ይቁረጡ፤ የታጠፈ ላሜራ አስገብተው ያጣብቁ፣ ሲሊኮኑን ከዚያ በላይ ይጨምሩ። ከዚያ ከታች ጀምረው ወደ ላይ በጎማ ውሃ ያርከፍክፉ። ከላይ ከጀመሩ የሚያፈሰው የቱ እንደሆነ አይታወቅም።

ብዙ ጣራ የሚበላሸው ቀጥሎ ባለው ሥራ ነው። በሞራሌዎቹ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ጠንካራ ፎም ያስገቡና ከላዩ 5 ሳንቲ ሜትር ባዶ ይተዉ። «ክፍተቱንም ብሞላው የበለጠ ይሞቃል» የሚለው ሐሳብ ነው ጣራውን የሚገድለው፤ ከክፍሉ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ነክቶ ውሃ ይሆናል፣ የሚያደርቀው አየርም አያገኝም። ክፍተቱ ከታች በአሸንዳው በኩል፣ ከላይም በግድግዳው በኩል ክፍት መሆን አለበት፤ ለነፍሳት ወንፊት ይበቃል። ፎሙን 5 ሚሊ ሜትር አሳንሰው ቆርጠው ዙሪያውን በሚነፋ ፎም ይሙሉት፤ ተገፍቶ የገባ ፎም ሁልጊዜ አንድ ጎኑ ክፍት ይቀራል።

ከሞራሌዎቹ ሥር ሌላ 5 ሳንቲ ሜትር ፎም ሳይቆራረጥ ይለጥፉ፣ ምክንያቱም እንጨቱ ራሱ ብርድ ያስተላልፋል። ከዚያ በክፍሉ በኩል እንፋሎት የማያሳልፍ ፕላስቲክ ይምጣ፦ መደራረቢያው 15 ሳንቲ ሜትር፣ ሁሉም መገጣጠሚያ በቴፕ፣ ጫፉ ከግድግዳው ጋር በማጣበቂያ። ኮርኒስ ውስጥ የሚቀበሩ አምፖሎችን ቢተዉ ይሻላል፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ፕላስቲኩን ይበሳል። ጂፕሰም ቦርዱ መጨረሻ ይገጠማል። የዝናብ ድምፅ የሚያስቸግር ከሆነ ከጂፕሰሙ በላይ የማዕድን ሱፍ ይጨምሩ፤ ጠንካራ ፎም ድምፅን እምብዛም አይገታም።

ሥራው ካለቀ በኋላ ዝናብ ባልጣለበት ብርዳም ጠዋት ኮርኒሱ ከረጠበ፣ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ቀዳዳ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። የአየር መግቢያው መዘጋቱን ወይም ፕላስቲኩ የት ጋ እንደተላቀቀ ይፈትሹ።