ፎር ዊሉ ወጥቷል፣ መብራቱ ግን አልጠፋም

የመኪናዬን የፎር ዊል (አራቱም ጎማ የሚነዳበት) ማንሻ ወደ ቱ ኤች፣ ማለትም ሁለት ጎማ ብቻ ወደሚነዳበት፣ መልሼዋለሁ። የዳሽቦርዱ የፎር ዊል መብራት ግን በጄ አልልም አለ።

መጀመሪያ ደረቅ አስፋልት ላይ መሪውን እስከ ጥግ አዙሬ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ፎር ዊሉ የእውነት ተይዞ ቢሆን መሪው ይከብዳል፣ ጎማውም ይንገጫገጫል። ያኔ ጥቂት ሜትር ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መንዳት ብዙ ጊዜ ያላቅቀዋል። የኔ ግን ቅልል ብሎ ዞረ። ታዲያ ትራንስፈሩን (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) ለማስፈታት ምን አስቸኮለኝ?

ስር ገብቼ ትራንስፈሩ ላይ ያለውን የመብራቱን ስዊች ሶኬት ነቀልኩ። መብራቱ ወዲያው ጠፋ፤ ሽቦው ደህና ነው ማለት ነው። ስዊቹን ስፈታው ጫፉ ላይ ያለችው ቢሊያ (ትንሿ የብረት ኳስ) ወደ ውስጥ ገብታ ቀርታለች፤ መብራቱን አብርታ ያቆየችው እሷ ናት። በጣት ብነካካት ንቅንቅ የለም። አዲስ ስዊች ከነሮንዴላው (ከነማሸጊያ ቀለበቱ) አሰርኩ። ስዊቹ ሲፈታ ትንሽ ዘይት ስለሚፈስ ከስር ዕቃ ማስቀመጥ አይከፋም። አሁን መብራቱ ማንሻውን ተከትሎ ይበራል፣ ይጠፋል።