ሮንግ አንሰር ሲላችሁ አልጎሪዝሙን ከመጣላችሁ በፊት

አንዴ ኮንቴስት (የፕሮግራሚንግ ውድድር) ላይ ሁለተኛዋን ጥያቄ በ8 ደቂቃ ጨርሼ ሳብሚት ሳደርግ ጀጁ (ኮዱን በቴስቶች የሚፈትነው ሲስተም) ሮንግ አንሰር ቴስት 3 ላይ አለኝ፣ እኔም ሀሳቤ ነው የተሳሳተው ብዬ ግሪዲውን (በየደረጃው የተሻለውን የሚመርጠውን ዘዴ) ትቼ ዲፒ (ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ፣ ሌላ ዘዴ) መፃፍ ጀመርኩ፣ 40 ደቂቃ ከለፋሁ በኋላ ነው ጉዱ የታየኝ፣ ለካ ድምሩን ኢንት (መጠኑ የተወሰነ የሙሉ ቁጥር ዓይነት) ላይ አስቀምጬው ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ እነዚህን እዩ።

ኢንት የሚይዘው እስከ 2147483647 ነው። 200000 ቁጥር ተሰጥቷችሁ እያንዳንዱ እስከ 1000000000 ከሆነ ድምሩ 200 ትሪሊዮን ይደርሳል፣ ሲፕላስፕላስ ደግሞ ምንም ሳይላችሁ አንዳንዴ ኔጌቲቭ አንዳንዴ ልክ የሚመስል ቁጥር ያወጣላችኋል (ሁለተኛው ይብሳል)። ብዙ ሰው መልሱን ሎንግ ሎንግ (ከኢንት በጣም የሚበልጥ ቁጥር የሚይዘው) ያደርግና ተገላገልኩ ይላል፣ ግን የሚባዙት ሁለቱ ቁጥሮች ኢንት ከሆኑ ብዜቱ እዛው ኢንት ላይ ነው የሚሰራው፣ ከተበላሸ በኋላ ነው ሎንግ ሎንጉ ውስጥ የሚገባው። ከፊት በ1ኤልኤል (ሎንግ ሎንግ በሆነ 1) አባዙት። አኪዩሙሌት (ቁጥሮችን የሚደምረውን ፈንክሽን) ስትጠቀሙም መነሻውን 0 ብቻ ካላችሁት ድምሩ ኢንት ነው የሚሆነው፣ 0ኤልኤል በሉት፣ እቺ እኔን ሁለቴ በልታኛለች። ፓይተን የምትፅፉ (እናንተ ጋ ሙሉ ቁጥር እንዲህ አይሞላም) እዚህ ጋ ሳቁብን፣ ተራችሁ ይመጣል።

ከዛ ባለብዙ ቴስት ጥያቄ (አንዱ ኢንፑት ውስጥ ብዙ ቴስት የሚመጣበት)። የመጀመሪያው ቴስት 5 ቁጥር አለው፣ ሁለተኛው 3፣ ግሎባል የሆነው (ከፈንክሽን ውጪ ያለው) የቆጠራ አሬያችሁ ካልፀዳ የአምስቱ ትርፍ ሶስቱ ላይ ይደመራል። እሺ ላፅዳው ብላችሁ ደሞ በየቴስቱ 200000ውን ቦታ ዜሮ ካደረጋችሁ፣ 10000 ቴስት ካለ 2 ቢሊዮን ስራ ነው፣ ታይም ሊሚት ይበላችኋል፣ የተጠቀማችሁትን ያህል ብቻ አፅዱ። ሌላው ተንኮለኛ ነገር፣ ቁጥሮቹን እያነበባችሁ መሀል ላይ መልሱ ኖ መሆኑን አውቃችሁ ሪተርን ስትሉ ያልተነበበው ኢንፑት ለቀጣዩ ቴስት ይተርፋል፣ ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። መጀመሪያ ሁሉንም አንብቡ፣ ከዛ ወስኑ።

ፍጥነት ላይ፣ ኢንድላይን በፃፋችሁ ቁጥር በፈሩን ፍለሽ ያደርጋል (የተጠራቀመውን ወዲያው ያወጣል)፣ 200000 መስመር ላይ ይሄ ይታወቃል፣ ባክስላሽ ኤን ተጠቀሙ። ሲንክ ዊዝ ኤስቲዲአይኦን (የሲንና የሲፕላስፕላስን ማንበቢያና ማውጫ የሚያስተሳስረውን) ፎልስ ካደረጋችሁ በኋላ ፕሪንትኤፍና ሲአውት አትቀላቅሉ፣ የመልሱ ቅደም ተከተል ይዘበራረቃል። ፓይተን ላይ ኢንፑት የሚለው ፈንክሽን ቀርፋፋ ነው፣ ከሲስ ሞጁል ሪድላይንን አምጡ (ተራችሁ ይመጣል ያልኩት ይሄ ነው)። ኢንተራክቲቭ ጥያቄ (ኮዳችሁ ጀጁን እየጠየቀ መልስ የሚቀበልበት) ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ እዛ ፍለሽ ካላደረጋችሁ ጥያቄያችሁ በፈር ውስጥ ተቀምጦ እናንተ መልስ ትጠብቃላችሁ፣ ጀጁም እናንተን ይጠብቃል፣ ኮድፎርስስ (የውድድር ድረገፅ) ላይ አይድልነስ ሊሚት (ኮዱ ስራ ፈትቶ ቆመ) የሚለው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሲፕላስፕላስ ላይ ሲኢን (ማንበቢያው) ቀጥሎ ጌትላይን (ሙሉ መስመር የሚያነበው) ከመጣ የቀረችውን የመስመር መጨረሻ ነው የሚያነበው፣ ባዶ ስትሪንግ ይሰጣችኋል፣ መሀል ላይ ኢግኖር አስገቡ። ዳብል (ነጥብ ያለው ቁጥር) ስታወጡ ሴትፕሪሲዥን (የዲጂት ብዛት መወሰኛው) ካልፃፋችሁ የምታገኙት 6 ዲጂት ነው፣ 1000000 ራሱ በ1ኢ+06 መልክ ነው የሚወጣው።

ለዲበግ (ስህተት ለመፈለግ) የምታወጡትን ደግሞ በሲኢአርአር (ከመልሱ የተለየ መውጫ) አውጡት፣ ማጥፋት ብትረሱት እንኳን መልሳችሁ ውስጥ አይገባም፣ ትልቅ ሉፕ ውስጥ ከሆነ ግን ያዘገያችኋልና እሱን አጥፉ።