የእንጨት ሥራ ቤት አቧራ ሰብሳቢ ማሽንን ያለ አደጋ መጠቀም

በባሕር ዳር ካሉት የእንጨት ሥራ ቤቶች ብዙዎቹ ጣሪያና ግድግዳቸው ቆርቆሮ፣ በራቸውም ወደ መንገድ የተከፈተ ስለሆነ፣ አቧራውን ከሰዓት በኋላ ከጣና በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ጠርጎ ያወጣዋል ተብሎ ይታሰባል። በአንድ በኩል ብቻ በተከፈተ ቤት ውስጥ ግን ነፋሱ የተቀመጠውን አቧራ አንሥቶ እዚያው ያዞረዋል እንጂ ብዙውን ይዞ አይወጣም፤ ክረምት ገብቶ በሩ በዝናብ ምክንያት ሲዘጋ ደግሞ ያም ነፋስ የለም። ስለዚህ አቧራ ሰብሳቢ ማሽን መግዛት ተገቢ ነው። ሆኖም ማሽኑን የገዛ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ፦ ማሽኑ አቧራን አያጠፋም፤ በቤቱ ሁሉ ተበትኖ የነበረውን ወደ አንድ ከረጢት ይሰበስበዋል። ከዚያ በኋላ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በዚያ ከረጢት፣ ወደ ከረጢቱ በሚወስደው ቱቦና አየሩን በሚስበው ሞተር ዘንድ ነው።

በመጀመሪያ የትኛው አቧራ እንደሚጎዳ መለየት ያስፈልጋል። ከመላጊያ ማሽን የሚወጣው ፍቅፋቂና ከመጋዝ ሥር የሚከመረው ሰጋቱራ ወለሉን ቢያበላሽም ወደ ሳንባ አይዘልቅም። ጎጂው በብርጭቆ ወረቀትና በማለስለሻ ማሽን የሚወጣው፣ እንደ ዱቄት የላመው ነው፤ ከ10 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) በታች የሆነው ብናኝ ለሰዓታት በአየር ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል፣ በዓይንም አይለይም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት አቧራን እ.ኤ.አ. በ1995 በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች መደብ ውስጥ አስገብቶታል፤ በተለይ የሚጠቃው የአፍንጫ ውስጠኛ ክፍልና በዙሪያው ያሉት ክፍት ቦታዎች ናቸው። ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከላመ እንጨትና ከሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ፣ የሚቆርጡ ሰዎች ደግሞ ከእንጨቱ ሌላ ሙጫው የያዘውን ፎርማልዴሃይድ የተባለ ጎጂ ኬሚካል አብረው ይተነፍሳሉ። ማሽን ሲገዙ ከሞተሩ ጉልበት በፊት የማጣሪያው ጨርቅ ስንት ማይክሮን እንደሚይዝ ይጠይቁ የምለው ለዚህ ነው። 30 ማይክሮን ብቻ የሚይዝ ከረጢት ወለሉን አጽድቶ የላመውን አቧራ በሰው አፍንጫ ቁመት መልሶ የሚረጭ ነውና፣ በእኔ ግምት ቤት ውስጥ ከሚቆም ባይኖር ይሻላል። እስከ 1 ማይክሮን የሚይዘውን ይምረጡ፤ ይህ ካልተገኘ ማሽኑን ከቤት ውጭ፣ ዝናብ በማያገኘው ታዛ ሥር ያቁሙትና አየሩ ወደ ጎረቤት ወይም ወደ ቡና ሻጭ እንዳይነፍስ አቅጣጫውን ያስተካክሉ።

ማሽኑን ስለ መትከል

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ስስ ስለሆነ፣ በማሽኑ ላይ የተጻፈው የመሳብ ግፊት እዚህ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። ይህ ማለት ማሽኑ አይሠራም ማለት አይደለም፤ ቱቦውን በማስረዘምና በማጠማዘዝ የሚባክን ትርፍ ጉልበት የለም ማለት ነው። የእንጨት አቧራ በቱቦ ውስጥ ሳይቀመጥ እንዲጓዝ አየሩ በሰከንድ 20 ሜትር ያህል መፍጠን አለበት። በዚህ ፍጥነት 100 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቱቦ በሰዓት 570 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ይፈልጋል፤ 150 ሚሊሜትር የሆነው ግን 1,270 ሜትር ኩብ ገደማ። ስለዚህ «ሰፊ ቱቦ የበለጠ ይስባል» ብሎ ለትንሽ ማሽን ትልቅ ቱቦ የሚገጥም ሰው አየሩን ያዘገየዋል፣ አቧራውም ከቱቦው ሆድ ውስጥ ይጋገራል። ቀኑን ሙሉ የማይታየው ይህ ክምር፣ ብልጭታ የገባበት ዕለት የሚነደው እርሱ ነው። ቱቦው አጭር፣ በተቻለ መጠን ቀጥ ያለ፣ መታጠፍ ካለበትም በሰፊው የሚታጠፍ ይሁን፤ በየማሽኑ ቅርንጫፍ ላይ ተንሸራታች መዝጊያ ይኑርና በሥራ ላይ ካለው በስተቀር ሌላው ይዘጋ።

አንድ ነገር ግን በተቃራኒው ነው፦ ቱቦውን ሁሉ ነቅለው አፉን ወለል አድርገው ከፍተው ማሽኑን ለረጅም ጊዜ አያስነሡት። ብዙ ሰው አፉ ሲዘጋ ሞተሩ የሚጨነቅ ይመስለዋል፤ በእነዚህ ማሽኖች ግን ብዙ አየር ሲያልፍ ነው ሞተሩ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚስበው፣ የሚግለውም።

ስለ ኤሌክትሪኩ አጭር ነገር ልበል። 1.5 ኪሎዋት የሆነ ሞተር በ220 ቮልት ከ9 እስከ 10 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ ሲነሣ ግን ለአፍታ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይስባል። ገመዱ ከ2.5 ሚሊሜትር ካሬ መዳብ ያልሳሳ፣ ከቁርጥራጭ ያልተገጣጠመ፣ ማራዘሚያ ከሆነም ሙሉ በሙሉ የተፈታ ይሁን፤ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ማራዘሚያ በራሱ ሙቀት ሽፋኑ ሊቀልጥ ይችላል። ሰብሳቢውንና መጋዙን በአንድ ጊዜ አያስነሡ፤ መጀመሪያ ሰብሳቢውን ያብሩ፣ ድምፁ እስኪረጋ ይጠብቁ፣ ከዚያ መጋዙን። ሲያቆሙ ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ መጋዙ ከቆመ በኋላ ቱቦው ውስጥ የቀረው እስኪጠረግ ሰብሳቢው ለአንድ ደቂቃ ያህል ይሥራ። መብራት በጠፋ ጊዜ ሁሉም ማብሪያ ወዲያውኑ መዘጋት አለበት፤ መብራቱ ሳይታሰብ ሲመጣ አንድ ተለማማጅ ከመጋዙ ሥር ጎንበስ ብሎ እንጨት እየለቀመ ሊሆን ይችላልና። መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚዘጋና እስኪጫኑት የማይነሣ ማብሪያ ከተገኘ፣ ዋጋው ምንም ቢሆን ይገጠም።

የማሽኑ አካልና የብረት ቱቦው ኧርዝ ይደረግ፣ ማለትም በሽቦ ከመሬት ጋር ይያያዝ። በፒቪሲ፣ ማለትም በፕላስቲክ ቱቦ ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ እሳት ያስነሣል ተብሎ ብዙ ይወራል፤ በትንሽ ሥራ ቤት ከዚህ ይልቅ የሚያሰጋው ሚስማርና ፍም ይመስለኛል። ቢሆንም እጅን የሚነዝረው ያ ኃይል መጋዝ የያዘን ሰው ሊያስደነግጥ ስለሚችል፣ በቱቦው ላይ እርቃኑን የሆነ የመዳብ ሽቦ ጠምዝዞ ከማሽኑ አካል ጋር ማገናኘት ጥሩ ነው።

እሳትን ስለ መከላከል

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከፈረሰ ቤት የወጣ ሳንቃ ስልግ ዋልኩ። ሚስማሩን ሁሉ የነቀልኩ መስሎኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ በቱቦው ውስጥ አንድ የሚንኳኳ ድምፅ ሰማሁ፣ ወዲያውም ጠፋ፤ እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ። በማግስቱ ጠዋት ከረጢቱን ስነካው ሞቅ ብሎ አገኘሁት፤ ስከፍተው መሐሉ ጠቁሮ፣ እንደ ረመጥ ታፍኖ ሲጨስ ያደረ ነው። ያንኳኳው ሚስማር ከሚሽከረከረው የብረት ክንፍ ጋር ተጋጭቶ ብልጭታውን ከአቧራው ጋር ከረጢቱ ውስጥ አስገብቶት ነበር። ሌሊቱን ነፋስ ያገኘው ቢሆን ኖሮ ቤቱ አይተርፍም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው ሥርዓት ይህ ነው። አሮጌ እንጨት በማግኔት ሳይፈተሽ ወደ ማሽን አይገባም፤ ወለል ላይ የወደቀ ብሎንና ሚስማር በሰብሳቢው ቱቦ አይጠረግም፤ ብየዳና ብረት መሞረድ በሚሠራበት አጠገብ የሰብሳቢው አፍ አይከፈትም፤ ባዕድ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ማሽኑ ይቆማል፣ ከረጢቱም ያን ዕለት ከቤት ይወጣል። ከሰብሳቢ ማሽኖች መካከል መግቢያው ላይ ሾጣጣ የቆርቆሮ በርሜል ያለው፣ ማለትም ሳይክሎን የሚባለው ዓይነት፣ ከባዱን ነገር ክንፉ ጋ ሳይደርስ ስለሚጥለው ከሁሉ ይሻላል።

የቡናው ነገር ከዚህ አይለይም። በእኛ ሥራ ቤቶች ከቀትር በኋላ ከሰል ተያይዞ፣ እጣን ጨሶ፣ ቡና በማሽኖቹ መሐል ይፈላል። ቡናው አይቅር፤ ምድጃው ግን በር አልፎ ይውጣ፣ ማሽኖቹም ቆመው አቧራው እስኪረጋ ይጠበቅ። የተቀመጠ አቧራ ቀስ ብሎ ይጨሳል፤ በአየር ላይ የተበተነና በተዘጋ ቦታ ያለ አቧራ ግን እሳት ካገኘው በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። በጣሪያው ወራጅ ላይ የተቀመጠው አቧራ የእንጨቱን ቀለም እስኪሸፍን ከደረሰ መጽዳት አለበት፤ በኮምፕሬሰር አየር ግን ፈጽሞ አይነፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ እንጂ። በተልባ ዘይት የተነከረ ጨርቅም ተጨማዶ ሲቀመጥ ያለ እሳት በራሱ ሊነድ ስለሚችል ከሰጋቱራው ከረጢት ጋር አይጣል፤ ተዘርግቶ ውጭ ይድረቅ።

ከረጢቱ ውስጥ እሳት ካዩ አስቀድመው ማሽኑን ያጥፉ፤ የሚሽከረከረው ፋን ለእሳቱ አየር እየሰጠ ፍሙን ይበትነዋል። መዝጊያዎቹን ይዝጉ፣ ሰው ይውጣ፣ መብራቱም ከብሬከሩ ይቋረጥ። ጭሱ ቀላል ከሆነና ኤሌክትሪኩ መቋረጡን ካረጋገጡ በኋላ ውኃ እንደ ጠል በቀስታ ይርጩበት። በባልዲ አይድፉበት፤ የሚነሣው የአቧራ ደመና ከእሳቱ የከፋ ነው። ነበልባል ከወጣ ግን ትግሉን ትተው የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ይጥሩ።

ከረጢቱን ስለ ማውጣት

አቧራው የሚጠራቀምበት የታችኛው ከረጢት ከሁለት ሦስተኛው በላይ ሳይሞላ ይውጣ። ማብሪያውን መዝጋት አይበቃም፣ ሶኬቱ ይነቀል፤ ክንፉም ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በኋላ ለረጅም ጊዜ ስለሚዞር ድምፁ ፈጽሞ እስኪጠፋ ይጠብቁ። የተዘጋ ቱቦ ሲያጋጥምም እጅን ወደ መግቢያው መስደድ የሚቻለው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። የሚጠርጉ እኅቶቻችን ነጠላና ሻሻቸውን በወገባቸው አጥብቀው ይሰሩ፤ የለቀቀ ጨርቅ ወደ ቱቦው ሲሳብ እጅን ይዞ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ማስክ ሳያደርግ የዋለ ሰው እንኳን ይህን ሥራ ያለ ኤን 95 ማስክ መሥራት የለበትም፤ ከሁሉ የላመው አቧራ በአንድ ጊዜ የሚነሣው እዚህ ላይ ነውና።

የላይኛውን የማጣሪያ ከረጢት በቀስታ ያራግፉት እንጂ በውኃ አይጠቡት። በጨርቁ ላይ የሚቀረው ስስ አቧራ ራሱ ያጣራል፤ አዲስ ከረጢት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአሮጌው ይልቅ አቧራ የሚያስወጣው ለዚህ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን የክረምቱ እርጥበት ጨርቁ ላይ ያለውን አቧራ እንደ ሊጥ ያጣብቀዋል፤ የመሳብ ኃይሉ ሲደክም ሞተሩን ከመጠርጠር በፊት ከረጢቱን አድርቆ ማራገፍ ይገባል።

ከንጹሕ እንጨት፣ ለምሳሌ ከዋንዛ ወይም ከግራቪሊያ የወጣው ሰጋቱራ ለዶሮ ቤት ንጣፍ ይሆናል፣ ለሰጋቱራ ምድጃም ይፈለጋል። የኤምዲኤፍ፣ የቀለምና የቫርኒሽ አቧራ ግን ለምድጃም ለዶሮም አይሰጥ፤ ተለይቶ በታሰረ ከረጢት ወደ ከተማው ቆሻሻ ማስወገጃ ይሂድ። ማንኛውንም ሰጋቱራ በጎርፍ መውረጃ ቦይ ውስጥ መድፋት አይገባም፤ ዝናቡ ይዞት የሚገባው ወደ ጣና ወይም ወደ ዓባይ ነው።

ማሽኑ አቧራውን በእርግጥ እየያዘ መሆኑን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያሻም። ማታ ሥራ ሲያበቃ መብራቱን ሁሉ ያጥፉና ሰብሳቢውን ብቻ አስነሥተው በከረጢቱ ስፌትና በቱቦው መጋጠሚያዎች ላይ የእጅ ባትሪ በጎን ያብሩ። በብርሃኑ መንገድ ውስጥ ጭስ የመሰለ ነገር ሲንሳፈፍ ካዩ የሚያፈሰው ቦታ እዚያው ነው፤ በጠመኔ ምልክት ያድርጉበትና ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይድፈኑት።