በማይንክራፍት ልጅን ሂሳብ እንዴት ማለማመድ ይቻላል?

ልጅዎ ስልክዎን የሚነጥቅዎት ማይንክራፍት ለመጫወት ከሆነ ዕድለኛ ነዎት። በዚህ ጨዋታ ተራራውም ቤቱም ከብሎክ ነው የተሠራው። አንዱ ብሎክ ደግሞ በሁሉም ጎኑ 1 ሜትር ነው። ዙሪያ፣ ስፋት፣ ይዘት፣ ሁሉም እዚያው አለ። ታዲያ ስልኩን ሰጥቶ ዞር ማለት አያዋጣም። ልጁ የሚማረው አጠገቡ ቁጭ ብለው ሲጠይቁት ነው። ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ላሉ ልጆች ጥሩ ነው።

መጀመሪያ ጨዋታውን ያዘጋጁ። በገንዘብ የሚገዛ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ግን ብቻውን ለሚጫወት ልጅ ኢንተርኔት አያስፈልግም። እንዲያውም ዳታውን ያጥፉት፤ ከማያውቀው ሰው ጋር አይገናኝም። ልጁ ዕቃውን ራሱ በሚሰበስብበት፣ ሰርቫይቫል በሚባለው አጫዋወት ይጀምሩ። ክሪኤቲቭ በሚባለው ሌላው አጫዋወት ላይ ዕቃው ሁሉ በነፃ ስለሆነ ማን ይቆጥራል? ጭራቆቹ ካስፈሩት የክብደት ደረጃውን ፒስፉል (ሰላማዊ) ላይ ያድርጉለት።

ቀጥሎ ደብተርና እርሳስ ያቅርቡ። ሕጉ አንድ ነው፦ ሳይሰላ ግንባታ የለም።

አሁን ሥራ ይስጡት። «5 በ4 የሆነ ቤት እንሥራ። ግድግዳው 3 ብሎክ ከፍ ይበል። ለመጀመሪያው ረድፍ ስንት ብሎክ ይበቃል?» ብዙ ልጅ 5 ሲደመር 4 ሲደመር 5 ሲደመር 4 ብሎ 18 ይላል። እንዳያርሙት! ዝም ብለው ያሠሩት። ዙሪያው 14 ላይ ይገጥምና 4 ብሎክ እጁ ላይ ይቀራል። ያኔ ፊቱን ማየት ነው። አራቱን ማዕዘን ሁለት ሁለቴ መቁጠሩን ራሱ እስኪደርስበት ይታገሱ። ለእኔ የጨዋታው ዋናው ጥቅም ይህ ነው፤ ስህተቱን የሚነግረው ግድግዳው እንጂ አስተማሪ አይደለም።

ከዚያ ይቀጥሉ። 14 በ3 ሲባዛ 42፣ ለበር 2 ሲቀነስ 40። ጠፍጣፋው ጣሪያ 20። በድምሩ 60 ብሎክ፤ ቤቱ የጣውላ ከሆነ 60 ጣውላ ማለት ነው። ከአንድ ግንድ 4 ጣውላ ይወጣል፤ ስንት ግንድ ይቆረጥ? ማካፈል የሚጠላ ልጅ እዚህ ጋ ሳያማርር ያካፍላል። ትርፍ ግንድ መቁረጥ ማን ይወዳል?

ሲለምድ ከበድ ያድርጉት። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ሲታይ መስቀል ነው፤ ርዝመቱም ወርዱም ወደ 12 ሜትር ይጠጋል። ለሂሳቡ እንዲመች 4 በ4 የሆኑ አምስት ካሬዎችን አለት ላይ በመስቀል ቅርጽ ያስምሩት። ስፋቱ 80 ካሬ ሜትር ይመጣል። ከፍታው 12 ከሆነ ይዘቱስ? መልሱን ሲያገኝ እንደ ጥንቶቹ ጠራቢዎች ዙሪያውን ከላይ ወደ ታች ይቆፍር። ለዚህኛው ክሪኤቲቭ ይፈቀድለት፤ አለዚያ መሽቶ ይነጋል።

ኔጋቲቭ ቁጥር ላይ የደረሰ ልጅ ካለ ሴቲንግ ገብተው ኮርዲኔቱ፣ ማለትም ልጁ ያለበትን ቦታ የሚናገሩት ሦስት ቁጥሮች፣ እንዲታይ ያድርጉ። ከሦስቱ ቁጥሮች መሃለኛው ከፍታ ነው። እየቆፈረ በወረደ ቁጥር ይቀንስና ዜሮን አልፎ እስከ -64 ይደርሳል። አልማዝ የሚበዛውም እዚያ ታች ነው። «ከ60 ተነስተህ -50 ለመድረስ ስንት ብሎክ ትወርዳለህ?» ይበሉት። 10 ካለ ቆፍሮ ይየው።

ሰዓቱንም በጨዋታው ይለኩ። አንድ ቀንና ሌሊት እዚያ 20 ደቂቃ ስለሆነ «ሦስት ቀን ብቻ» ማለት ቢበዛ 1 ሰዓት ነው። ልጁ አልጋ ሠርቶ ከተኛ ሌሊቱ ይዘለልና ጊዜው ያጥራል። ይህን የነቃበት ልጅ ግን አይተኛም።