ውሃ አሲድ የሚሆነው መቼ ነው? ቤዝስ? ከሪአክሽኑ ላይ እንዴት እንደሚለይ

ተማሪ ሳለሁ አንድ ፈተና ላይ አሞኒያ ከውሃ ጋር ሲገናኝ የውሃው ሚና ምን እንደሆነ ተጠየቅሁ። በሪአክሽኑ ቀስት ቀኝ ሃይድሮክሳይድ (OH⁻) አየሁና ሳላመነታ «ቤዝ» ብዬ ጻፍኩ። ኤክስ ተሰመረብኝ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ሪአክሽኑን ጻፉና ሚዛኑን አስተካክሉ።

ከዚያ ፕሮቶኗን ተከተሉ፤ ጣጣው ያለው እዚህ ነው። ኬሚስቶቹ ብሮንስቴድና ላውሪ በ1923 እ.ኤ.አ. በየፊናቸው እንዳስቀመጡት፣ አሲድ ፕሮቶን ሰጪ፣ ቤዝ ደግሞ ተቀባይ ነው። ፕሮቶን የተባለችው ኤሌክትሮኗን ያጣች ሃይድሮጅን ናት፤ ስለዚህ ስትሄድ አንድ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዛ ትሄዳለች። ውሃ ሁለት ሃይድሮጅን አለው፣ ቻርጁም ዜሮ ነው። ከሪአክሽኑ በኋላ ሦስት ሃይድሮጅንና ፖዘቲቭ 1 ይዞ ሃይድሮኒየም ከሆነ ተቀብሏል፤ ቤዝ ነበር። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲገባበት የሚሆነው ይኸው ነው፤ ፕሮቶኗ የምታርፈው ከኦክስጅኑ ሁለት ነጻ የኤሌክትሮን ጥንዶች በአንዱ ላይ ነው። አንድ ሃይድሮጅንና ኔጋቲቭ 1 ቀርቶት ሃይድሮክሳይድ ከሆነ ግን ሰጥቷል፤ አሲድ ነበር።

የእኔ ስህተት ይህ ነው። አሞኒያ ከውሃ ፕሮቶን ይወስዳል፤ የቀረው ሃይድሮክሳይድ ድብልቁን ቤዛዊ ያደርገዋል። ድብልቁ ቤዛዊ የሆነው ግን ውሃው አሲድ ሆኖ ስለሰጠ ነው። «ሃይድሮክሳይድ ካያችሁ ቤዝ በሉ» የምትለዋን አቋራጭ ስለዚህ አልወዳትም።

ሌላ ነገር የሌለበት ውሃ ሲሆንስ? አንዱ ሞለኪውል ይሰጣል፣ ጎረቤቱ ይቀበላል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ 55 ሞል (የሞለኪውሎች ብዛት መለኪያ) ገደማ ውሃ ባለበት አንድ ሊትር ውስጥ ሃይድሮኒየሙ 0.0000001 ሞል ብቻ ነው፤ ሃይድሮክሳይዱም ያንኑ ያህል። ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዳማነቱ ይበዛል) 7 የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። ሲሞቅ ሁለቱም እኩል ይጨምራሉ፤ በ60 ዲግሪ ንጹሕ ውሃ ፒኤቹ 6.5 አካባቢ ቢሆንም ገለልተኛ ነው።

አሲድና ቤዝን በቀለም በሚለየው በሊትመስ ወረቀት የውሃውን ሚና እለያለሁ ብላችሁ አትድከሙ። ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ድብልቁ ነው። የተጣራ ውሃ ክፍት ቢቀመጥ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ካርቦኒክ አሲድ ይፈጠርበትና ፒኤቹ ወደ 5.6 ይወርዳል። ድብልቁ አሲዳማ ሆነ፤ ከካርቦኒክ አሲዱ ፕሮቶን የተቀበለው ውሃ ግን እዚያ ቤዝ ነው።