የላቦራቶሪ ሠራተኞችን ስለ ኤሌክትሪክ አደጋ ስናሠለጥን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከዓመታት በፊት አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ በምሠራበት ላቦራቶሪ፣ የዋተር ባዙን (ናሙና በሞቀ ውኃ ውስጥ የሚያቆየውን መሣሪያ) የብረት አካል በነካነው ቁጥር ጣታችንን ይነዝረን ነበር። «ትንሽ ይነዝራል እንጂ ይሠራል» እየተባባልን ለወራት ተጠቀምንበት። ሁላችንም የኤሌክትሪክ ደኅንነት ሥልጠና የወሰድን ነበርን። ዛሬ እኔ ራሴ ሳሠለጥን የሚታየኝ፣ ያ ሥልጠና አደጋን እንድንፈራ እንጂ እንድናይ አላስተማረንም ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት ሥልጠናውን በአዳራሽ ጀምሮ በአዳራሽ መጨረስ ነው። የተቃጠለ እጅ ፎቶግራፍ ያየ ሰው ይደነግጣል፤ ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ ግን ምን ዓይነት ጉድለት መፈለግ እንዳለበት አያውቅም። ስለዚህ ሠልጣኙ ከመሣሪያው ተነሥቶ ግድግዳው ላይ እስካለው ሶኬት ድረስ ገመዱን በዓይኑ እንዲከተል ማድረግ ይሻላል። በአንድ ሥልጠና ላይ እንዲህ ስናደርግ፣ ከጠረጴዛ ሥር በሌላ ዲቫይደር ላይ የተሰካ ዲቫይደር አገኘን፤ ነጭ የነበረው ፕላስቲክ በአንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ቡና መስሎ ነበር። 10 አምፔር የሚል የተጻፈበት ዲቫይደር በ220 ቮልት ቢበዛ 2,200 ዋት ይሸከማል፤ በዚያ ላይ ግን 2,000 ዋት የሚስብ አውቶክሌቭ (ዕቃን በእንፋሎት የሚያመክን መሣሪያ) እና ማድረቂያ ኦቨን ጎን ለጎን ተሰክተው ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ስህተት «መሣሪያው ከሠራ ደኅና ነው» የሚለውን እምነት ሳይነኩ ማለፍ ነው። የኧርዝ መስመር (ያመለጠ ኮረንትን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) ቢቋረጥም መሣሪያው ያለ ምንም ለውጥ ይሠራል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው በውስጥ ያለው የሽቦ ልባስ ተልጦ ኮረንቱ ወደ ብረቱ አካል ሲያልፍ ነው። ኧርዝ ቢኖር ኮረንቱ በዚያ በኩል በብዛት ሄዶ ብሬከሩን ይጥለው ነበር፤ ከሌለ ግን አንድ እጅ እስኪነካው ይጠብቃል። ከውጭ አገር በልዩ ልዩ መሰኪያ የሚመጡ መሣሪያዎችን ሁለት ቀዳዳ ብቻ ባለው ሶኬት ወይም ኧርዝ በሌለው አዳፕተር መሰካት የተለመደ በመሆኑ፣ ይህ ጉድለት በብዙ ክፍል ይገኛል። ለሠልጣኞቼ መሰኪያውን ፈትቼ ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ የት መታሰር እንዳለበት አሳያቸዋለሁ፤ ተቆርጦ የተጠቀለለበትንም አጠገቡ አስቀምጣለሁ። ከዚያ በኋላ መንዘር ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ብሬከር ሰውን እንደሚጠብቅ አድርጎ ማስተማርም መታረም አለበት። 16 አምፔር ብሬከር የሚጠብቀው በግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው፤ የሰውን የልብ ምት ለማዛባት ግን 0.1 አምፔር ገደማ ይበቃል። ለሰው የሚደርሰው ከመስመሩ የሚያመልጥ ኮረንትን ለይቶ በ30 ሚሊአምፔር (0.03 አምፔር) የሚቆርጠው የኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር ሲሆን፣ የመሞከሪያ ቁልፉን ሠልጣኙ ራሱ ተጭኖ ብሬከሩ ሲወድቅ ማየት አለበት። እርሱም ቢሆን ሁሉን አያይም፦ የጄል ኤሌክትሮፎረሲስ (እንደ ዲኤንኤ ያሉ ሞለኪውሎችን በኮረንት የመለየት ሥራ) ኃይል ሰጪ ከመቶ ቮልት በላይ የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው መስመር ተነጥሎ ስለሆነ፣ ክዳኑ የተሰነጠቀውን ሳጥን ሳያጠፉ ከፍቶ ባፈሩ (ኮረንት የሚያስተላልፈው ፈሳሽ) ውስጥ እጅ ለሚያስገባ ሰው ይህ ብሬከር ላይደርስለት ይችላል።

መብራት ሲጠፋ ስለሚሆነው አለመናገር ለእኛ ከተማ የሚከፋ ግድፈት ነው። ማሞቂያው ሳይጠፋ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ መብራቱ ሌሊት ይመጣል፣ ማንም በሌለበት ክፍል ማሞቂያው ይግላል። በተቃራኒው ደግሞ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ላይ የተሰካ መሣሪያ መብራት ጠፍቶም ኮረንት አለው፤ «መብራት የለም» ብሎ ሽፋኑን የሚፈታ ሰው ይህን አስቀድሞ መስማት አለበት።

ብዙዎቻችን የማናነሣው ሌላ ጉዳይ ከፍታ ነው። የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ዓለም አቀፍ የደኅንነት ደረጃ በመደበኛነት የሚሸፍነው እስከ 2,000 ሜትር የሚደርስ ከፍታን ሲሆን፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ኮረንትን የመከላከልም ሆነ መሣሪያን የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት መመሪያው ላይ ያለውን የከፍታ ገደብ ማንበብ የሥልጠናው አካል ይሁን።

የፅዳት ሠራተኞችን ከሥልጠናው ውጭ ማድረግም አይገባም፤ እርጥብ መወልወያ ይዘው ከጠረጴዛው ሥር የሚገቡት እነርሱ ናቸው። የሚነዝር ነገር አለ ብላ የምትናገርን ሠራተኛ «ፈሪ» ማለት ደግሞ ያሠለጠንነውን ሁሉ ያፈርሳል። የተናገረችበት መሣሪያ በዚያው ሰዓት ከሶኬት ይነቀል፣ «አይሰካ» የሚል ወረቀት ይለጠፍበት፣ ምን እንደተገኘበትም የጥገና ባለሙያው ለእርሷው ይንገራት።