ክሬም የሌለበት ክሬማም የፓስታ ሶስ

ነጭ ሶስ ያለው ፓስታ በጣም እወዳለሁ። ግን በልቼ ስነሳ ሆዴን ይከብደኛል። ስለዚህ ክሬሙን በአበባ ጎመን ተካሁት።

ለ4 ሰው 500 ግራም ያህል አበባ ጎመን በትንንሹ ከፋፍላችሁ ጨው ባለው ውሃ ቀቅሉ። 15 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ሹካ ስትሰኩበት ፍርስ ማለት አለበት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ! ትንሽ ጥሬ ከሆነ የቱንም ያህል ብትፈጩት ሶሱ አሸዋ አሸዋ ይላል።

እስከዚያው 3 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት ከትፋችሁ በ2 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት በዝግታ አብስሉ። ካረረ ይመራል፤ ሶሱንም ያበላሻል።

ሁለቱን ከግማሽ ኩባያ ወተትና ከጨው ጋር ብሌንደር ውስጥ ጨምሩ። መጀመሪያ ግን ይብረድ። እኔ አንዴ እንደፈላ ከድኜ አስነሳሁት፤ እንፋሎቱ ክዳኑን አስፈንጥሮ እጄን አቃጠለኝ። ከዚያ 2 ደቂቃ ሙሉ ፍጩት። ብዙ ሰው ቶሎ ያጠፋዋል፤ ያ የምንፈልገው ልስላሴ የሚመጣው ግን መጨረሻ ላይ ነው።

ፓስታው የተቀቀለበትን ውሃ እባካችሁ ሁሉንም አትድፉት። 1 ኩባያ አስቀሩ። ውስጡ ያለው ስታርች ሶሱን ከፓስታው ጋር ያያይዘዋል። ሶሱን መጥበሻ ላይ አሙቁ፣ ፓስታውን ጨምሩ፣ ከወፈረ በዚሁ ውሃ እያቀጠናችሁ አማስሉ። ቁንዶ በርበሬ ነስንሱበት። እሳቱን ካጠፋችሁ በኋላ ጥቂት ሎሚ ጠብ አድርጉበት፤ ጣዕሙን ያነቃዋል።

የተረፈው ሶስ ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን ይቆያል። ሲቀዘቅዝ ስለሚወፍር ስታሞቁት ትንሽ ወተት ጨምሩበት።